17 ቢሊዮን ፀሐይ ተባለ፤ ሲመዘን 800 ሚሊዮን ሆነ

ፌብሯሪ 2024 ላይ አንድ የሰማይ ዜና ዓለምን አዳረሰ። እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ደማቁ ኩዋዛር ተገኘ ተባለ። ኩዋዛር ማለት መሀሉ ያለው ብላክ ሆል ጋዝ ሲውጥ እጅግ የሚያበራ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት ነው። ስሙ ጄ0529-4351 ነው። ስሙ አይማርክም፤ ቁጥሮቹ ግን ያስደነግጣሉ። 500 ትሪሊዮን ፀሐዮች ተደምረው የሚሰጡትን ያህል ብርሃን ይሰጣል። እምብርቱ ላይ ያለው ብላክ ሆል 17 ቢሊዮን ፀሐይ ይመዝናል። በየቀኑ ከአንድ ፀሐይ በላይ ይውጣል። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ከ12 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል።

በ2025 ሌላ ቡድን ያንኑ ኩዋዛር በሌላ መሣሪያ መዘነው። 800 ሚሊዮን ፀሐይ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከሃያ እጅ አንዱ ማለት ነው። ይሄኛው ዜና ያኛው የሄደበትን ያህል አልሄደም። የተለመደ ነው። «ትልቁ ተገኘ» ሲባል ሁሉም ሼር ያደርጋል፤ «ትንሽ ቀንሱለት» ሲባል ማን ይሰማል?

እኔ ግን ሁለተኛው ዜና ይበልጣል ባይ ነኝ። ጉዳዩ የአንድ ብላክ ሆል ኪሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ባላስጨነቀው። ነገር ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሩቅ ብላክ ሆሎች ክብደት የተሰላው 17 ቢሊዮኑ በተገኘበት በዚያው በመጀመሪያው ዘዴ ነው። ዛሬ ስለ ዩኒቨርስ ልጅነት የሚደረገው ትልቅ ክርክርም የቆመው በእሱ ላይ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደምቆ ያመለጠ

በመጀመሪያ እንዴት እንደተገኘ እንይ። ታሪኩ ትንሽ ያስቃል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በ1980 የደቡቡን ሰማይ ለመመዝገብ በተነሱ ፎቶዎች ላይ አለ። ከአርባ ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጧል። ማንም ልብ አላለውም። ፎቶው ላይ ነጥብ ነው፤ ዙሪያው ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሌሎች ነጥቦች አሉ።

ከዚያ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት መጣች። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ኮከቦችን መዘገበች። ይህን ሁሉ በዓይን ማጣራት የማይሞከር ስለሆነ ሥራው ለኮምፒውተር ተሰጠ። ኮምፒውተሩ ኩዋዛር ምን እንደሚመስል የተማረው ከዚህ በፊት ከታወቁ ኩዋዛሮች ነው። የታወቁት ደግሞ አብዛኞቹ ደብዛዛ ናቸው። ስለዚህ ይህን ሲያየው «ይሄማ ለኩዋዛርነት በጣም ደማቅ ነው፤ ኮከብ መሆን አለበት» ብሎ አሳለፈው። በድምቀቱ የተነሳ ተጣለ ማለት ነው።

ነገሩን ያስተካከሉት በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የክርስቲያን ዎልፍ ቡድን ናቸው። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ኮከብ የእኛ ጎረቤት ነው፤ ስለዚህ በዓመታት ውስጥ ቦታውን ትንሽ ይቀይራል። በቢሊዮን ብርሃን ዓመት የራቀ ነገር ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚህ ሌላ ኩዋዛር ዙሪያው ሞቃት አቧራ ስላለው በኢንፍራሬድ (ከቀይ ባለፈ፣ ዓይን በማያየው ብርሃን) ከተራ ኮከብ የበለጠ ይደምቃል። የማይንቀሳቀስ፣ በኢንፍራሬድም የጎላ ደማቅ ነጥብ ካለ መጠርጠር ነው። ከዚያ የተጠረጠሩትን አንድ በአንድ በቴሌስኮፕ ማየት ብቻ ይቀራል። በ2023 አውስትራሊያ፣ ሳይዲንግ ስፕሪንግ ባለው የ2.3 ሜትር ቴሌስኮፕ ሲያዩት ኩዋዛር መሆኑ ታወቀ። በዚህ ዘመን ሚዛን 2.3 ሜትር ትልቅ የሚባል ቴሌስኮፕ አይደለም። ማረጋገጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቺሌ አታካማ በረሃ ላይ ካሉት የ8 ሜትር ቴሌስኮፖች።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። ስሙ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች የሰማይ አድራሻው ናቸው። አድራሻው ደግሞ ከኢትዮጵያ የሚታይ ነው። በጥር መገባደጃ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በመስመር የተሰደሩት ሦስቱ የኦሪዮን ኮከቦች ከአናታችን ብዙም ሳይርቁ ይቆማሉ። ያኔ ወደ ደቡብ ዞር ብለው፣ ከአድማሱ ከፍ ብሎ ወደ ሰማዩ እኩሌታ ሳይደርስ ያለው ቦታ ላይ ነው። በዓይን አይታይም። ዓይን ማየት ከሚችለው ደብዛዛ ኮከብ እንኳ በግምት 10 ሺህ ጊዜ ይደበዝዛል። ከደህና ቴሌስኮፕ ጋር ጥሩ ካሜራ ያለው አማተር ግን ነጥቡን ሊቀርጸው ይችላል። «ደማቅ» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ሁለት ትርጉም እንዳለው ልብ በሉ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ደብዛዛ ነው። እዚያው ሆኖ ላየው ግን እንደ እኛው ሚልኪ ዌይ ያሉ ከ10 ሺህ በላይ ጋላክሲዎችን የሚያስንቅ ነው።

ነጥቡን የሚያጋልጠው መስመር

አንድ ነጥብ ኮከብ ይሁን ወይም እንደ ኩዋዛር ንቁ እምብርት ያለው ጋላክሲ የሚለየው በብርሃኑ ስንጠቃ ነው። ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግተህ ስታየው ስፔክትረም ይባላል። ተራ ኮከብ ስፔክትረሙ ላይ ጥቁር ሽንቁሮች አሉት። ንቁ ጋላክሲ ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ብለው የሚወጡ ደማቅ መስመሮች አሉት። ሃይድሮጂን፣ ኦክስጅን፣ ካርቦን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦታ አላቸው።

ይህን በደንብ ያስተዋለው አሜሪካዊው ካርል ሲፈርት ነው። በ1943 እምብርታቸው ያለ ልክ የሚያበራ ስድስት ጋላክሲዎችን መርጦ መረመረ። መስመሮቻቸው ደማቅ ብቻ አልነበሩም፤ በጣም ሰፊ ነበሩ። አንድ መስመር ሲሰፋ የሚያበራው ጋዝ አንዱ ወገኑ ወደ እኛ፣ ሌላው ወገኑ ከእኛ እየሸሸ በከፍተኛ ፍጥነት እንደሚሄድ ይናገራል። ሲፈርት ያገኘው ፍጥነት በሰከንድ እስከ 8,500 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ከአዲስ አበባ ለንደን ደርሶ ግማሹን መንገድ በአንድ ሰከንድ እንደመመለስ ነው። የሚገርመው ጽሑፉ ለብዙ ዓመት አቧራ ጠጣ። ዛሬ እነዚህ ጋላክሲዎች በስሙ ሲፈርት ይባላሉ።

ሁለተኛው ወሳኝ ቀን የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። 3ሲ 273 የሚባል የሬዲዮ ምንጭ ነበር። ትክክለኛ ቦታው የታወቀው በ1962 ጨረቃ ስትጋርደው ሬዲዮው የጠፋበትንና የተመለሰበትን ሰዓት በመለካት ነው። ሥራው የተሠራው አውስትራሊያ፣ ፓርክስ ላይ ነው። ቦታው ላይ የተገኘው ኮከብ የሚመስል ነጥብ ነበር። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማርተን ሽሚት አሜሪካ ባለው የፓሎማር ቴሌስኮፕ ስፔክትረሙን ሲወስድ መስመሮቹ ከማንም ጋር አልገጠሙም። በ1963 መጀመሪያ ነገሩ ተገለጠለት። መስመሮቹ ተራ የሃይድሮጂን መስመሮች ናቸው፤ ግን ሁሉም ወደ ቀይ 16 በመቶ ያህል ተገፍተዋል። ዩኒቨርስ ሲለጠጥ ብርሃኑም አብሮ ተለጥጧል። ስለዚህ «ኮከቡ» ከ2 ቢሊዮን ብርሃን ዓመት በላይ ርቀት ላይ ነው። ከዚያ ርቀት እንዲህ ከደመቀ ደግሞ ኮከብ ሊሆን አይችልም።

ጄ0529 ላይ ግፊቱ 16 በመቶ ሳይሆን አምስት እጥፍ ነው። እያንዳንዱ የብርሃን ሞገድ ሲነሳ ከነበረው 4.96 እጥፍ ረዝሟል። የሃይድሮጂን ዋናው መስመር ሲነሳ 121.6 ናኖ ሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ነው። ዓይን አያየውም፤ የምድር አየርም አያሳልፈውም። እኛ ጋ ሲደርስ 603 ናኖ ሜትር፣ ማለትም ብርቱካናማ ሆኗል። መጀመሪያ በዓይን የሚታየው ሰማያዊ አረንጓዴ የሃይድሮጂን መስመር ደግሞ ተገፍቶ 2.4 ማይክሮ ሜትር ኢንፍራሬድ ውስጥ ገብቷል። ይህችን ሁለተኛዋን መስመር ያዟት፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

እንግዲህ መለየቱ ይህን ይመስላል። ሁሉም ንቁ ጋላክሲ እንዲህ ራሱን አያጋልጥም። አንዳንዱ እምብርቱ በአቧራ ቀለበት ስለሚሸፈን ሰፊዎቹ መስመሮች አይታዩም፤ ያኔ በኤክስሬይ ወይም በኢንፍራሬድ መፈለግ ነው። ኮከብ በብዛት የሚወልድ ጋላክሲም ደማቅ መስመር ስለሚያወጣ ያሳስታል። የኦክስጅንና የናይትሮጂን መስመሮች ከሃይድሮጂን ጋር ያላቸው ንጽጽር ያንን ይፈታል። በዚህ በኩል ሥራው ተደላድሏል። እስካሁን የታወቁት ኩዋዛሮች ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋሉ።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

ብላክ ሆል ብርሃን ይውጣል እንጂ አይሰጥም። የሚያበራው ወደ እሱ እየወደቀ ያለው ጋዝ ነው። ጋዙ በቀጥታ አይወድቅም። እየዞረ ዲስክ ይሠራል። በዲስኩ ውስጥ እርስ በርሱ ሲፋተግ ይግላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ያበራል። ጉልበቱ የሚያስደንቅ ነው። ፀሐይ ሃይድሮጂንን ወደ ሂሊየም ስትቀይር ከክብደቱ 0.7 በመቶው ወደ ጉልበት ይለወጣል። ወደ ብላክ ሆል የሚወድቅ ጋዝ ግን 10 በመቶ ገደማውን ይሰጣል። የጄ0529 ዲስክ ከዳር እስከ ዳር 7 ብርሃን ዓመት እንደሚሆን ተገምቷል። ከፀሐይ እስከ ቅርቡ ጎረቤት ኮከብ ያለው ርቀት 4.2 ብርሃን ዓመት ብቻ ነው።

ከዲስኩ ወጣ ብሎ ሌላ ጋዝ አለ። ሰፊዎቹን መስመሮች የሚሠራው እሱ ነው። የክብደት ሥራው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ጋዝ ላይ ነው።

በዓይን ግምት መመዘን

የሩቅ ብላክ ሆል እንዴት ይመዘናል? ሐሳቡ የቆየ ነው። አንድ ነገር ሌላውን የሚዞር ከሆነ ፍጥነቱንና ርቀቱን ካወቅህ መሀል ያለውን ክብደት ታውቃለህ። ፀሐይንም የመዘንናት እንዲሁ ነው። በሚልኪ ዌይ መሀል ያለውን 4 ሚሊዮን ፀሐይ የሚመዝነውን ብላክ ሆልም ራይንሃርድ ጌንዜልና አንድሪያ ጌዝ የመዘኑት በዙሪያው የሚዞሩ ኮከቦችን ለዓመታት በመከታተል ነው። በ2020 ኖቤል አሸልሟቸዋል።

ኩዋዛር ላይ ግን ኮከብ አይለይም። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች በተዘዋዋሪ ይገኛሉ። ፍጥነቱ ከመስመሩ ስፋት ይወሰዳል። ርቀቱ ደግሞ ከድምቀቱ ይገመታል። ቅርብ በሆኑ ሲፈርት ጋላክሲዎች ላይ እምብርቱ ብልጭ ሲል ጋዙ ከስንት ቀን በኋላ ብልጭ እንደሚል እየተጠበቀ ተለክቷል። ከዚያ «ይህን ያህል ከደመቀ ጋዙ ይህን ያህል ይርቃል» የሚል ሕግ ወጣ። ፍጥነቱን በራሱ፣ ከዚያ በርቀቱ አባዛ፣ ክብደት ይወጣል። አንድ ስፔክትረም፣ አንድ ማታ፣ አበቃ።

ምቹ ነው። ችግሩ ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሕጉ የወጣው ከጎረቤት መለስተኛ ጋላክሲዎች ነው፤ 500 ትሪሊዮን ፀሐይ የሚያበራ ነገር ላይ መሥራቱን ማንም አልፈተሸም። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ በሁለት እጥፍ ቢሳሳት ክብደቱ በአራት እጥፍ ይሳሳታል። ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይብሳል። ስሌቱ ጋዙ ይዞራል ብሎ ያምናል። ጋዙ በብርሃኑ ኃይል ተገፍቶ ወደ ውጭ እየሸሸስ ቢሆን? ያኔም መስመሩ ይሰፋል። ስፋቱ ግን ስለ ብላክ ሆሉ ስበት የሚነግረን ነገር የለም።

እህል በረንዳ ያለ ልምድ ያለው ነጋዴ ጆንያውን አይቶ ኪሎውን ይነግርሃል። ብዙ ጊዜም አይስትም። ጆንያውን የነፋው ገለባ ከሆነ ግን ዓይኑ ያታልለዋል። 17 ቢሊዮን የተባለው ቁጥር እንዲህ ያለ የዓይን ግምት ነበር። የዎልፍ ቡድን ግምት መሆኑን ደብቋል ማለቴ አይደለም፤ የሠሩት በመስኩ የታወቀውን ሥራ ነው። ግምቱን እንደ ልኬት አድርጎ የወሰደው ዜናው ነው።

አራት ቴሌስኮፖች እንደ አንድ

ጆንያውን ለመፍታት ጋዙን በቀጥታ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ቀልድ አይደለም። በዚያ ርቀት አንድ ብርሃን ዓመት ስፋት ያለው ነገር ከአንድ አርክሰከንድ 20 ሺህኛ ያህል እንኳ አይሆንም። አርክሰከንድ ራሱ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ነው። ይህን የሚለይ አንድ ቴሌስኮፕ የለም።

ቺሌ፣ ፓራናል ተራራ ላይ ግን መላ ተገኝቷል። እዚያ የየራሳቸው መስተዋት 8.2 ሜትር የሆነ አራት ቴሌስኮፖች አሉ። የአራቱንም ብርሃን ከመሬት በታች ባለ ዋሻ በመስተዋት እየመሩ አንድ ቦታ ያገናኙታል። መንገዶቹ እኩል እንዲረዝሙ በዋሻው ውስጥ መስተዋቶች በሐዲድ ላይ ይንሸራተታሉ። ውጤቱ በስፋት የመለየት አቅሙ ከመቶ ሜትር በላይ የሆነ አንድ ቴሌስኮፕ እንዳለህ ያህል ነው። ብርሃኑን የሚያገናኘው መሣሪያ ግራቪቲ ይባላል፤ የተሻሻለው ደግሞ ግራቪቲ ፕላስ። ዋነኛው ሠሪ ጋርሺንግ ጀርመን ያለው የጌንዜል ማክስ ፕላንክ ተቋም ነው።

መሣሪያው ፎቶ አያነሳም። የሚለካው ሌላ ነገር ነው። መስመሩን በቀለም ይከፋፍለዋል። ወደ ቀይ ያደላው ክፍል መሀሉ የት ነው? ወደ ሰማያዊ ያደላውስ? ጋዙ የሚዞር ከሆነ አንዱ ወገን ወደ እኛ ሌላው ወገን ከእኛ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ መሀሎች ከብላክ ሆሉ ግራና ቀኝ መውደቅ አለባቸው። በ2018 የግራቪቲ ቡድን የሽሚትን 3ሲ 273 ሲለካ ያገኘው ልክ እንደዚያ ነበር። ግራና ቀኝ፣ ንጹህ ዙረት። ክብደቱም 300 ሚሊዮን ፀሐይ ገደማ ሆኖ ከድሮው ግምት ጋር ተስማማ። ሁሉም እፎይ አለ።

ጄ0529 ላይ ተራው ሲደርስ ያቺ ወደ 2.4 ማይክሮ ሜትር የተገፋችው የሃይድሮጂን መስመር፣ ከሌላ የሃይድሮጂን እህቷ ጋር፣ መሣሪያው በሚያየው ክልል ውስጥ ወደቀች። ዕድል ነው። ምልክቱ ግን ግራና ቀኝ አልሆነም። በአንድ ወገን ብቻ ታየ። ቡድኑ ዙረትንና ፍሰትን አንድ ላይ የያዘ ሞዴል ሠርቶ ሲያስተያይ፣ ከመስመሩ ብርሃን ከ80 በመቶ በላዩ የሚመጣው ወደ ውጭ ከሚፈስ ጋዝ ሆነ። ፍሰቱ በሰከንድ እስከ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሾጣጣ ቅርጽ አለው፤ እኛ የምናየው በሾጣጣው ጠርዝ በኩል ነው። የሚዞረው ጋዝ ቀሪው ብቻ ነው። ክብደቱ የተሰላውም ከዚያ ነው። 800 ሚሊዮን ፀሐይ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አድሎ ይሆናል። ሁለተኛውም ቁጥር ከሞዴል የወጣ ነው። ፍሰቱ ሾጣጣ ነው፣ አቧራው መሀል ላይ ብርሃን ይጋርዳል፣ ወዘተ የሚሉ ግምቶች አሉበት። ሌላ ቡድን በሌላ ሞዴል ሲያየው ቁጥሩ ሊነቃነቅ ይችላል። ቢሆንም ጋዙ ያለበትን ቦታ አይቶ ከመገመትና ሳያዩ ከመገመት የቱ ይሻላል? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው።

ክብደቱ ቢቀንስ ምን ይቀየራል?

ብዙ ሰው ቶሎ የሚደርስበት መደምደሚያ አለ። «ብላክ ሆሉ ትንሽ ከሆነ እንዴት በዚያ ፍጥነት አደገ የሚለው እንቆቅልሽ ተፈታ» ይላል። ቀስ ይበሉ።

ብላክ ሆል ሲያድግ እጥፍ በእጥፍ ነው። ከ100 ፀሐይ ተነስቶ 17 ቢሊዮን ለመድረስ 27 ጊዜ ያህል መታጠፍ አለበት። 800 ሚሊዮን ለመድረስ ደግሞ 23 ጊዜ። ልዩነቱ አራት እጥፋት ነው። በተለመደው ስሌት አንዱ እጥፋት 30 ሚሊዮን ዓመት ከትንሽ ይፈጃል። ጄ0529ን የምናየው ዩኒቨርስ 1.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። የተረፈው ጊዜ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል የሚያስጨፍር አይደለም።

ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው፤ የፍጥነት ገደቡ። ብላክ ሆል የፈለገውን ያህል መብላት አይችልም። ሲበላ የሚወጣው ብርሃን ራሱ የሚመጣውን ጋዝ ወደ ኋላ ይገፋል። ስበቱና የብርሃኑ ግፊት እኩል የሚሆኑበት ነጥብ አለ። በእንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን ስም ይጠራል። ገደቡ በክብደት ነው የሚወሰነው፤ ከባዱ ብዙ መብላት ይፈቀድለታል። በ17 ቢሊዮን ፀሐይ ስሌት ጄ0529 ከገደቡ ጫፍ ላይ ነበር። ብዙ ይበላል፣ ግን ሕጉን አልጣሰም። ክብደቱ ወደ 800 ሚሊዮን ሲወርድ ብርሃኑ አልቀነሰም። ስለዚህ ያው ብላክ ሆል በድንገት ገደቡን በብዙ እጥፍ የጣሰ ሆኖ ተገኘ።

ገደቡ የማይጣስ ግድግዳ አይደለም። ጋዙ በዲስክ መልክ ከጎን ሲገባና ብርሃኑ ከላይና ከታች ሲወጣ ሊታለፍ እንደሚችል በኮምፒውተር ሲሰላ ቆይቷል። ያነሰው ማስረጃ ነበር። አሁን አንድ ደማቅ ምሳሌ አለ። ወደ ውጭ የሚፈሰውም ጋዝ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል፤ ከአፉ የሚተርፈውን እየተፋ የሚበላ ነገር ይህን ነው የሚመስለው። ገደቡ ከተጣሰ ደግሞ የእጥፋቱ ጊዜ ራሱ ያጥራል። እንቆቅልሹን የሚያላላው ይህ ነው። የኪሎው ማነስ ብቻውን አይደለም።

ትንንሾቹ ቀያዮች

ይህ ሁሉ ለምን አሁን አጀንዳ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ መሄድ ነው። ዌብ ከ2022 ጀምሮ በልጅ ዩኒቨርስ ውስጥ ያልተጠበቁ ነገሮችን በመቶዎች አገኘ። ትንንሽ፣ ቀይ፣ ጥቅጥቅ ያሉ ነጥቦች። ተመራማሪዎቹም ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ብለው ጠሯቸው። ሰፊ የሃይድሮጂን መስመር አላቸው። ስለዚህ በዚያው የዓይን ግምት ሲመዘኑ ብዙዎቹ ከሚኖሩበት ጋላክሲ አንጻር ያለ ልክ ከባድ ሆኑ። ንቁ እምብርት ከሆኑ ሊኖራቸው የሚገባው ኤክስሬይ ደግሞ አብዛኞቹ ላይ ጠፍቷል።

በ2025 ክርክሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንድ ወገን መስመሩን ያሰፋው ፍጥነት ሳይሆን ጥቅጥቅ ባለ ጋዝ ውስጥ ብርሃኑ ከኤሌክትሮን ጋር መጋጨቱ ነው አለ። ይህ ከተቀነሰ ክብደቱ እስከ መቶ እጥፍ ይወርዳል። በጋዝ የተሸፈኑ መሆናቸው የኤክስሬዩንም መጥፋት ያስረዳል። ሌላው ወገን ደግሞ ከነጠብጣቦቹ አንዱን፣ በፊቱ ያለ የጋላክሲ ክምችት እንደ ሌንስ ያጎላውን፣ ወስዶ በዙሪያው የሚዞረውን ጋዝ በቀጥታ ለካ። 50 ሚሊዮን ፀሐይ አገኘ፤ ከዓይን ግምቱ ጋር የሚቀራረብ። እዚያኛው ላይ ነጋዴው አልሳተም።

እንግዲህ ሰፊ መስመር ብቻውን ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ዙረት፣ ፍሰት ወይም ግጭት። ስፔክትረሙ ላይ ሦስቱም ይመሳሰላሉ።

በእኛ በኩል

የንቁ ጋላክሲ ጥናት አገራችን ውስጥም አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። እንጦጦ ላይ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በአገሪቱ የስፔስ ሳይንስ ተቋም ለዓመታት የሠራችው በትውልድ ሰርቢያዊቷ ሚርያና ፖቪች የምርምር መስኳ ይኸው ነው፤ ንቁ እምብርት በሚኖርበት ጋላክሲ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል የሚለው። ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችንም በዚህ መስክ አሰልጥናለች። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ግን ለሁሉም ክፍት በሆኑ የውጭ ቴሌስኮፖች ዳታ ነው። ይህ ደግሞ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ አይደለም። ጄ0529ን ከኮከቦቹ መሀል የለየው ሥራም የተጀመረው ከተመዘገበ ዳታ ነው።

እንደ 3ሲ 273 ያሉ ቅርብና ደማቅ ኩዋዛሮች ለ1 ሜትር ቴሌስኮፕ አይከብዱም። ድምቀታቸው ከሳምንት ሳምንት፣ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። ያንን በትዕግሥት መከታተል ትልቅ መስተዋት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የጠራ ሰማይና የማይቋረጥ የቴሌስኮፕ ጊዜ ነው። የአዲስ አበባ መብራት እየበዛ መምጣቱ ግን ለእንጦጦ ደግ አይደለም።

አሁን ያለበት ደረጃ

በዚህ መንገድ በቀጥታ የተመዘኑት ሩቅ ኩዋዛሮች ገና በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከጄ0529 በፊት፣ በ2024 መጀመሪያ፣ ብርሃኑ 11 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ አንድ ሌላ ኩዋዛር ተለክቶ 320 ሚሊዮን ፀሐይ ሆኖ ነበር። እሱም ለሚኖርበት ጋላክሲ ቀላል ነው ተባለ። 3ሲ 273 ተስማማ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ከተጠበቀው በታች ሆኑ። በዚህ ቁጥር ሕግ ማውጣት ሞኝነት ነው። የሚጠረጠረው ግን ይታወቃል። በጣም ደማቆቹ፣ ጋዙ ወደ እኛ ስለሚፈስ መስመራቸው ወደ ሰማያዊ ያዘነበለው፣ ፍሰት ያለባቸው ይመስላል። የድሮው ዘዴ በእነሱ ላይ ክብደት ያጋንናል፤ ሰከን ባሉት ላይ ደህና ይሠራል።

ይህን መፈተሽ ይቻላል። ከተመዘገቡት ውስጥ መስመራቸው ያዘነበለውንና ያላዘነበለውን እኩል መርጦ በግራቪቲ ፕላስ መለካት ነው። ያዘነበሉት ሁሉ እየቀለሉ ከመጡ በካታሎጎቹ ውስጥ «ከ10 ቢሊዮን ፀሐይ በላይ» ተብለው ከተጻፉት ብዙዎቹ ይሰረዛሉ። እየተፈራረቁ ከመጡ ደግሞ ጄ0529 ለብቻው ጉደኛ ነበር ማለት ነው።